የቤት ቁጥር፦ አዲስ

ባለፈው ጥቅምት የልጅ ልጄ ማሙሽ ምሳ ላይ ሽሮውን እያጠቀሰ፣ «አባባ፣ አሥራ ሁለት ኮንቴይነር አለኝ እኮ» አለኝ። ጉርሻዬ አፌ ደጃፍ ላይ ቆመ።

ካዛንቺስ ያደገ ሰው ኮንቴይነር ምን እንደሆነ ያውቃል። መንገድ ዳር የምትቀመጥ የብረት ሣጥን ናት፤ በር ይቆረጥላትና ሱቅ ትሆናለች፣ ፀጉር ቤት ትሆናለች፣ ጫማ ማደሻ ትሆናለች። አንዷን የሚያከራይ ሰው ልጆቹን ያስተምርባታል፤ ሁለት ያለው ሰው ዕድር ላይ ሲናገር አይቋረጥም። አሥራ ሁለት ግን! በሆዴ የወር ኪራዩን ማባዛት ጀመርኩ። የማሙሽን እናት፣ «ለልጁ ሥጋ ጨምሪለት እንጂ፣ ሥራ ይደክመዋል» አልኳት።

«የት የት ናቸው?» አልኩት ቀስ ብዬ፤ ገንዘብ የምፈልግ እንዳልመስል።

«ጀርመን።»

«ገና አልተጫኑም? ጅቡቲ ይድረሱ እንጂ ሞጆ ደረቅ ወደብ የማውቀው ትራንዚተር አለ...»

«አይ አባባ፣ አይመጡም። ክላውድ ላይ ናቸው።»

«ክላውድ ደግሞ ምንድነው?»

«ደመና እንደ ማለት ነው።»

እኔ ላም አለኝ በሰማይ ሲተረትልኝ ያደግኩ ሰው ነኝ። ልጄን በዓይኔ ጠቀስኳት፤ ሥጋው ወደ ድስቱ ተመለሰ።

እንግዲህ ማን እንደሆንኩ ልናገር፤ ዝም ብሎ የሚያጉረመርም ሽማግሌ እንዳትሉኝ። የተወለድኩት በ1945 ዓ.ም. ነው፤ የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ በተቋቋመበት ዓመት። ከስልክ ጋር እኩያ ነኝ እያልኩ ስቀልድ አንድ ወዳጄ «ስልክማ የገባው በምኒልክ ጊዜ ነው» እያለ ያርመኛል። ልክ ነው፤ ቀልዱን ግን አልተውኩትም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ ሆቴል የስልክ ማዞሪያ ላይ ተቀምጫለሁ። የሆቴሉን ስም አልጠራም፤ በጡረታዬ ጉዳይ ገና ያልተቋጨ ነገር አለን። ሦስት የውጭ መስመርና ስልሳ የውስጥ ቁጥር ነበረን። ማን የት እንደተኛ፣ ማን ማንን እንደሚፈልግ፣ ማን «የለም በለው» እንዳለ የማውቀው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ጢሙን ገና በአግባቡ ያላበቀለ ልጅ ስለ ቁጥርና አድራሻ ሊያስተምረኝ ሲነሳ ደሜ ይፈላል።

ማሙሽ ግን አስተማረኝ። በቀዩ እስክሪብቶዬ፣ በዕድር ደብተሬ ጀርባ።

አንድ ትልቅ ማሽን አለ አለኝ፤ ሰርቨር ይባላል። በውስጡ ብዙ ክፍል ይከፈላል። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ማድ ቤትና የራሱ ጉድጓድ ውኃ ካለው ቨርቹዋል ማሽን ነው፤ ግድግዳው ብቻ ተለይቶ ሥሩ፣ ማለትም ከርነል የሚሉት፣ የጋራ ከሆነ ግን ኮንቴይነር ነው። «አንተ ልጅ» አልኩት፣ «ይህማ የኛ ግቢ ነው!» አንድ የውጭ በር፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ የመብራት ቆጣሪ፣ ሰባት አባወራ። ሁሉም በየክፍሉ በሩን ሲዘጋ ብቻውን በዓለም ላይ ያለ ይመስለዋል። ማሙሽ ሳቀና፣ እዚያም እንደዚያው ነው አለ፤ በየኮንቴይነሩ መጀመሪያ የሚነሳው ፕሮግራም ቁጥሩ አንድ ነው፤ እያንዳንዱ በቤቱ አባወራ ነው። ከውጭ የሚያየው ባለቤት ግን እውነተኛውን ተራ ቁጥር ያውቃል።

ኮታም አላቸው። ከተመደበለት ሜሞሪ በላይ የበላ ፕሮግራም ወዲያው ይገደላል። በራሽን ዘመን ከኮታው በላይ ስኳር የወሰደ ሰው ስብሰባ ላይ ይወቀስ ነበር እንጂ ቢያንስ በስኳር ምክንያት አልተገደለም።

ስሙን ያገኙት በእርግጥ ከመርከብ ነው። ማልኮም ማክሊን የሚባል አሜሪካዊ የጭነት መኪና ባለቤት እ.ኤ.አ. በ1956 የብረት ሣጥኖችን በመርከብ አስጭኖ የወደብ ሥራን ገለበጠው፤ እነዚህ ደግሞ ሐሳቡን ወስደው ፕሮግራም ጫኑበት። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው፣ ዶከር የሚባለው ፕሮግራም፣ ዓርማው ሣጥን የተሸከመ ዓሣ ነባሪ ነው። ከዚያ በፊት ኦፕንቪዚ ነበር፣ ኤልኤክስሲ ነበር። ይህን በቶሎ ልለፈው፤ እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው።

ያንገበገበኝ አድራሻው ነው።

«ዛሬ ማታ ለአሥራ ሁለቱም አድራሻ እሰጣቸዋለሁ» አለኝ። «በዓለም ላይ ሌላ ማንም የሌለው፣ ለየብቻ።»

በእግዚአብሔር! እኔ ሰባ ሦስት ዓመት ኖሬ አድራሻ የለኝም።

የኔ ነገር እንዲህ ነው። አባቴ የተከራየው ቤት ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ካሠራቸው ቤቶች አጠገብ ነበር፤ ሠፈሩም ካዛንቺስ የተባለው ቤቶቹን ካሠራው መሥሪያ ቤት ምኅጻር ነው፣ «ካዜ ኢንቺስ» ከሚለው። በልጅነቴ አድራሻችን «ካዛንቺስ፣ ከሻይ ቤቱ ጀርባ» ነበር፤ ደብዳቤ ይደርሳል። ደርግ መጣና ከፍተኛና ቀበሌ ሆንን። ኢሕአዴግ መጣና ወረዳና ቀበሌ ሆንን። በ1995 ዓ.ም. ክፍለ ከተማና ቀበሌ ሆንን፤ ቂርቆስ የሚለው ስም ያን ጊዜ ካዛንቺስንም ጠቀለላት። ቀጥሎ ቀበሌው ቀረና ተመልሰን ወረዳ ሆንን። በዚህ ሁሉ ጊዜ ቤታችን አንዲት ስንዝር አልተነቃነቀም። በ2017 ዓ.ም. ሠፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲነሳ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ፤ ቤቱ ሄዶ አድራሻው መታወቂያዬ ላይ ቀረ።

ጎረቤቶቼ ገላን ጉራ ሄዱ፣ ገሚሱ ሌላ ዳርቻ። እኔ ልጄ ጋ ገባሁ፣ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ። እዚያ ወረዳ ፎርም ስሞላ «የቤት ቁጥር» የሚለው ላይ ጸሐፊዋ ሳታየኝ «አዲስ» ብላ ጻፈች። «ልጄ፣ ቤቱ እኮ በጃንሆይ ጊዜ የተሠራ ነው» አልኳት። «አባቴ፣ ቁጥር ለሌለው እንዲህ ነው የሚጻፈው» አለችኝ። ግራ ጎረቤታችንም አዲስ ነው። ቀኝ ጎረቤታችንም አዲስ ነው። ፊት ለፊት ያለው ጣሪያው የወረደ ቤትም አዲስ ነው።

እንግዲህ እኔ እንዲህ ሆኜ፣ ማሙሽ አንዱን ኮንቴይነር ማለዳ አቁሞ ለምሳ ያፈርሰዋል። ሲያሻሽለው አፍርሶ ሌላ ያቆማል። ለዚህ የግማሽ ቀን ዕድሜ ላለው ነገር ነው በዓለም ላይ ብቸኛ የሆነ ቁጥር የሚሰጠው።

ቤት ተቀምጬ ከምብሰለሰል ብዬ አብሬው ወጣሁ። ቢሮአቸው ካዛንቺስ ውስጥ ከቀሩት ሕንፃዎች በአንዱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱ «ለጊዜው» አይሠራም፤ ለጊዜው የሚለው ወረቀት ራሱ ወይቧል። ሁለት ሆነው ነው የሚሠሩት፣ እሱና አንዲት መነጽር ያደረገች ልጅ። ተነስታ ወንበር ስትለቅልኝ ወደድኳት። ከዚያ ጆሮዋ ላይ ያንን የአውሮፕላን አብራሪ የመሰለ ነገር ደፍታ ለሦስት ሰዓት አልተናገረችም።

ችግሩ የቁጥር እጥረት ነው አሉኝ። የድሮው የኢንተርኔት ቁጥር፣ አይፒ ቨርዥን 4 የሚሉት፣ 32 ቢት ነው፤ ተባዝቶ 4,294,967,296 ይሆናል። ይህ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1981 ሲጻፍ የዓለም ሕዝብ ራሱ ወደ 4 ቢሊዮን ተኩል ነበር። ልብ በሉ፤ ገና ከመነሻው ለሰው ሁሉ አንዳንድ እንኳ አይበቃም። ድግስ ጠርቶ እንጀራውን ከእንግዳው ቁጥር አሳንሶ እንደሚጋግር ሰው ማለት ነው። የዋናው ጎተራ የመጨረሻ ቁና በ2003 ዓ.ም. ተሰፍራ አለቀች። ለአፍሪካ የሚያድለው አፍሪኒክ ሞሪሺየስ ላይ ነው፤ እሱም በጥር 2012 ዓ.ም. የመጨረሻው ቁጠባ ውስጥ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ጠያቂ በአንዴ የሚያገኘው ቢበዛ 1,024 ነው። እንደ ዘይት ሰልፍ። ከዚያው መዝገብ ደግሞ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቁጥሮች ተሰርቀው መሸጣቸው እ.ኤ.አ. በ2019 ተጋለጠ። ቁጥር ይሰረቃል! ሌባ ዱሮ ዶሮ ነበር የሚሰርቀው።

አዲሱ ቁጥር፣ ቨርዥን 6፣ 128 ቢት ነው። ብዛቱ በአሃዝ ቢጻፍ 39 አሃዝ ይሆናል። መጀመሪያ የታተመው በ1988 ዓ.ም. ነው። ኢንተርኔት ራሱ ለሕዝብ አገልግሎት አገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም.! አሮጌው ሳይደርሰን አዲሱ ታትሞ ነበር ማለት ነው። በእርግጥ ከዚያ በፊትም ከካዛንቺስ ቁልቁል ኢሲኤ፣ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን፣ ግቢ ውስጥ ፓዲስ የሚባል ክፍል ነበር፤ በ1980ዎቹ አጋማሽ የኤሌክትሮኒክ መልእክት እያጠራቀመ በስልክ መስመር ወደ ውጭ ይልክ ነበር። መልእክቱ ቀኑን ሙሉ ተሰብስቦ በአንድ ጥሪ ይሄዳል። ይህን የሰማሁ ጊዜ ሥርዓት ያለው ነገር መስሎኝ ነበር፤ ፖስታ ማለት ነው በሽቦ።

«ለምን ታዲያ ፊቱ ላይ አንድ ቁጥር አትጨምሩም?» አልኳቸው። ቴሌ እኮ እንዲያ ነው ያደረገው። በ1998 ዓ.ም. ስድስት አሃዝ የነበረው የአዲስ አበባ ስልክ ሰባት ሆነ፤ 01 የነበረውም 011 ሆነ። የኢሲኤ ማዞሪያ 51 72 00 ነበር፤ 551 72 00 ሆነ። በቃ። እኛ ሠፈር 5 ተጨመረብን፣ ደብተራችንን አረምን፣ ሳምንት ተሳድበን ለመድነው።

ልጅቷ ያን ጊዜ ጆሮዋን ከፈተች። «አባባ፣ እዚያ ፎርሙ ላይ ለአድራሻ የተተወው ቦታ ሠላሳ ሁለት ብቻ ነው። ሌላ ቢጨመር አያስገባም። ፎርሙን ራሱን መቀየር ነበረባቸው። ለዚህ ነው አሮጌውና አዲሱ የማይነጋገሩት።» ፎርም የሚለውን ቃል ስሰማ ገባኝ። ለአንድ ሙሉ የአባት ስም ሦስት ሳጥን የምትተው ፎርም እኔም አውቃለሁ።

ቁጥሩን አሳዩኝ። እዚህ ላይ፣ ምንም ብናደድ፣ አልዋሽም፤ ልቤ ሞቀ። በየአራት አሃዙ መካከል ሁለት ነጥብ አለ! አባቶቻችን ቃል ከቃል የለዩበት ሁለት ነጥብ። በጋዜጣና በኮምፒውተር ትተነው ፈረንጅ አንስቶታል። ከዚያም አልፎ አራት ነጥብ አላቸው። ሁለት ሁለት ነጥብ ጎን ለጎን ከተደረገ «እዚህ መሃል ያለው ሁሉ ዜሮ ነው፣ አታድክሙኝ» ማለት ነው። በአንድ አድራሻ ውስጥ አንዴ ብቻ ነው የሚፈቀደው፤ ሁለቴ ከገባ ዜሮው የትኛው ጋ ስንት እንደሆነ አይታወቅም። አራት ነጥብ ላይ አንድ ቁጥር ሲጨመር «ራሴ» ማለት ነው፤ ማሽኑ ራሱን የሚጠራበት። አራት ነጥብ ብቻውን ከቆመ ደግሞ «አድራሻ የለኝም» ማለት ነው። ይቺን ደብተሬ ላይ ጻፍኳት።

ከዚያ ግን አሃዝ መሃል ፊደል አየሁ። ከኤ እስከ ኤፍ። «ቁጥር አለቀባቸው?» አልኩ። አሥራ ስድስት ምልክት ስለሚያስፈልግ ነው አሉኝ፤ ከዜሮ እስከ ዘጠኝ አሥር፣ ስድስት ፊደል ተጨምሮ አሥራ ስድስት፤ በዚያም 32 ሆሄ ይሆናል። «የኛስ ፊደል?» አልኩ። ሠላሳ ሦስት በሰባት፣ 231። ማሙሽ በስልኩ ሲያሰላው ያ ሁሉ ቁጥር በእኛ ፊደል በ17 ሆሄ ይጻፍ ነበር። ሠላሳ ሁለት ከሚጽፉ አሥራ ሰባት! ማንም አልጠየቀንም።

አድራሻው በስም መዝገብ ሲመዘገብ ደግሞ ምልክቱ አራት ኤ ነው፤ አሮጌው አንድ ኤ ነበር፣ አዲሱ አራት እጥፍ ስለረዘመ። «አ አ አ አ» ብዬ ሳነበው ሁለት ጊዜ አዲስ አበባ ሆነብኝ። ይኼ ቢያንስ ደስ ይላል።

አሁን ወደ ዋናው። እስካሁን ኮንቴይነሮቹ እንዴት ኖሩ? አንድ የውጭ ቁጥር ነበራቸው፤ ሰርቨሩ በር ላይ ቆሞ የገባውንና የወጣውን እያዛወረ ያስተናግዳቸዋል። ናት ይሉታል። እኔ ነኝ! ሦስት የውጭ መስመር፣ ስልሳ የውስጥ ቁጥር። ልዩነቱ፣ እኔ ሳይጠራ ለመጣ ሰው «ማንን ፈለጉ?» እል ነበር፤ ያ ማሽን ግን ዝም ብሎ ይጥለዋል። ምግባር የለውም። ቢሮአቸውም ራሱ በሌላ ማዞሪያ ውስጥ ነው፣ እሱም በሌላ። ዱሮ አሜሪካ የሄደ ልጅ በጎረቤት ፖስታ ሣጥን «በእገሌ በኩል ለእናቴ ይድረስ» ብሎ እንደሚጽፈው፣ አገር በሙሉ በእገሌ በኩል ነው የሚኖረው።

«አዲሱ ሲገባ ናት አያስፈልግም» አለ ማሙሽ በደስታ። «ሁሉም የራሱ ይኖረዋል። መሃል ላይ ማንም የለም።»

መሃል ላይ ማንም የለም። ሠላሳ አንድ ዓመት መሃል ላይ ለተቀመጠ ሰው እንዲህ ይባላል?

የጀርመኑ አከራይ የሰጣቸውን ጠየቅኩ። ማሙሽ ጻፈው፦ 18,446,744,073,709,551,616። ለአሥራ ሁለት ሣጥን! ይህ ለአንድ ግቢ የሚሰጥ የተለመደ መጠን ነው አለኝ፤ ከአድራሻው ግማሹ ለሠፈሩ፣ ግማሹ ለቤቱ ስለተመደበ። ኢትዮጵያውያን 130 ሚሊዮን ብንሆን ለያንዳንዳችን ወደ 140 ቢሊዮን ይደርሰናል። «ለእኔ አንድ ስጠኝ» አልኩት። ሳቀ። የምሬን ነበር።

እንግዲህ ሰጡ። ለአንደኛው አንድ ብለው፣ እስከ አሥራ ሁለት። ጨረሱ፤ ከውጭ ሲጣሩ ግን መልስ የለም። ኮንቴይነሩ ከውስጥ ሆኖ «አለሁ» ይላል፤ ከውጭ የሚሰማው የለም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስክሪን ላይ አፈጠጡ። በመጨረሻ ልጅቷ አገኘችው። ጀርመን ያለው ትልቁ አዟሪ፣ ራውተር የሚሉት፣ ወደ ግቢው መጥቶ «ይህ ቁጥር ያለው ማን ነው?» ብሎ ይጠራል። የሚሰማው ሰርቨሩ ነው። ሰርቨሩ ደግሞ የራሱን ስም እስካልሰማ አይመልስም። ኮንቴይነሮቹ ከጀርባው ስላሉ ጥሪው አይደርሳቸውም።

«ታዲያ በሩ ላይ ያለው ሰው ‹አለ፣ እዚሁ ነው› ማለት አለበታ!» አልኩ።

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። ልክ እንደዚያ የሚያደርግ ትእዛዝ አለ፤ ፕሮክሲ ኤንዲፒ ይባላል። ሰርቨሩ ስለ ኮንቴይነሮቹ ሆኖ «አለ» እንዲል ያዝዙታል፣ ለያንዳንዱ አድራሻ በስም። ከዚያ ፎርዋርዲንግ የሚሉትን ያበሩለታል፤ የመጣውን ወደ ውስጥ እንዲያሳልፍ። እንግዲህ አዲሱ ዓለም መሃል ላይ ሰው አያስፈልገውም ነበር!

የሥርዓቱ ሙሉ ስም ደግሞ ሲተረጎም ጎረቤትን ማግኛ ነው። ማሽኑ የጎረቤት መዝገብ አለው። አሳዩኝ፤ ከየጎረቤቱ ፊት ለፊት ሁኔታው ተጽፏል። በቅርብ ድምፁ የተሰማው «ይገኛል» ይባላል። ሠላሳ ሰከንድ ያህል ካልተሰማ «ስቴል» ይሆናል። ቃሉ ለከረመ ዳቦ የሚባል ነው አለችኝ ልጅቷ። መዝገቡን ቁልቁል ሳየው ብዙው ስቴል ነው። በሠላሳ ሰከንድ! ከገላን ጉራዎቹ ጎረቤቶቼ ድምፃቸውን ከሰማሁ አንድ ዓመት የሆነኝ አሉ። የአንዱን ስልክ ደወልኩ፤ «የደወሉላቸው ደንበኛ» ምናምን አለችኝ።

ይሁን። እንደገና ሲሞክሩ ከቢሮው አሁንም አይታይም። ለምን? የቢሮው መስመር አሮጌውን ቁጥር ብቻ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላለችው ለእህቴ ልጅ ተደወለ። እሷ ከሥራ ወጥታ ባቡር ላይ ናት። «ክፈቺው» አላት ማሙሽ። «ተከፈተ» አለች። እኛ የሠራነውን ቤት እኛ ሳናየው እሷ ከአሜሪካ ባቡር ላይ ሆና ገባች። ልጆቹ ተቃቀፉ። ማሙሽ ክትፎ አዘዘ። እኔ ያን ጊዜ ነው መጠርጠር የጀመርኩት፤ ሥራው ሳያልቅ የታዘዘ ክትፎ አይቼ አላውቅም።

ክትፎው ሳይደርስ ሠላሳ ደቂቃ ሞላ፤ ሁሉም ነገር ጸጥ አለ። ሰርቨሩ ራሱ ጠፋ! ሌሊቱን ሲመረምሩ የደረሱበት ይህ ነው። ሰርቨሩ መውጫ መንገዱን የሚያውቀው ትልቁ አዟሪ በየጊዜው «መንገዱ በእኔ በኩል ነው» እያለ ሲለፍፍ ሰምቶ ነበር። ፎርዋርዲንግ ሲበራለት ግን ሰርቨሩ «እንግዲህ እኔም አዟሪ ነኝ፣ የማንንም ልፈፋ አልሰማም» ብሎ ጆሮውን ደፈነ። አሮጌው ወሬ ዕድሜው ግማሽ ሰዓት ነበር፤ ዕድሜው ሲያልቅ መንገዱ ጠፋበት። ሹመት ሲሰጡት የራሱ ቤት መንገድ የጠፋበት ሰው እኔ ብቻ ያየሁ መስሎኝ ነበር። መድኃኒቱ አንዲት ቁጥር ናት፤ «ልፈፋውን ትሰማለህ?» የሚለው ላይ 1 ከሆነ አዟሪ ሲሆን መስማት ያቆማል፤ 2 ከሆነ ተሹሞም ይሰማል። በአንድና በሁለት መካከል ክትፎው ቀዘቀዘ።

ሊዘጉ ሲሉ አንድ ነገር ጠየቅኩ። «እስካሁን በአንድ በር ነበር የሚገቡት። አሁን ለአሥራ ሁለቱም መንገድ ዳር በር ሰጣችኋቸው። ዘበኛውስ?»

ዝም አሉ። የሰዉ መዝገብ ያለበት ኮንቴይነር፣ ዳታቤዝ የሚሉት፣ በአሮጌው ቁጥር በኩል ዘበኛ ነበረው። በአዲሱ ቁጥር በኩል ክፍት ነበር። ከሲልቨር ስፕሪንግ ባቡር ላይ በቀጥታ ሊገባበት ይችል ነበር። የአዲሱ ቁጥር ዘበኛ ለብቻው ነው የሚቀጠረው፤ የአሮጌው ዘበኛ አዲሱን ቋንቋ አይሰማም። ልጅቷ ፊቷ ቀላ፤ ወዲያው መጻፍ ጀመረች። ሁሉንም እንዳትዘጊ፣ ያ ጎረቤት የሚጣራበት መልእክት ካልገባ ተመልሶ ይጠፋል አላት ማሙሽ። የምትዘጋውንና የምትከፍተውን ስትለይ ነጋ። የቂርቆስ ቅዳሴ ደወል ሲደወል ደረጃውን ወረድን፤ ሊፍቱ ለጊዜው አይሠራም።

ምስጋና አልጠበቅኩም፤ አልመጣምም። ምሳ ላይ ማሙሽ «አባባ፣ ያን ዳታቤዝ አፍርሼ አዲስ አቆምኩ» አለኝ። ያ ሌሊት ሙሉ የለፋንለት ኮንቴይነር ስድስት ሰዓት አልኖረም። «ቁጥሩስ?» አልኩት። «ሌላ ሰጠሁት፤ ሞልቶ የለ እንዴ።»

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ስለ ጉዳዩ የሚጽፍልኝ ወይም ተሳስተሃል የሚለኝ ካለ፣ አድራሻዬ ይኸው። ቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ የቤት ቁጥር አዲስ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ኮብልስቶኑን ይዘው ይውረዱ፤ ወፍጮ ቤቱን ሲያልፉ ግራ ይታጠፉ፤ ወፍጮ ቤቱ አሁን የለም፣ ድምፁን የሚያስታውስ ሰው ይጠይቁ። ሰማያዊ በር ነበር፣ ግራጫ ተቀብቷል። ሲያንኳኩ ጆሮዬ ስለደከመ አልሰማም፤ ግራ ጎረቤታችን ትሰማለች። እሷ «አለ» ትልዎታለች።